ዓሣው ከመጠመዱ በፊት እሳቱ ይንደድ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ምግብ ነው፤ ወጥ ቤት ግን አንገባም። ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። አሁን ከውሃ የወጣ ዓሣ፣ ጨው፣ ስለታም ቢላዋ፣ ክብሪትና ደረቅ እንጨት ካለን ሌላው ትርፍ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ወጣቶችን አይታችሁ ከሆነ ግን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ መጥበሻው ሁሉ ተጭኖ መጥቷል። ዓሣ ከአጥማጆች ይገዛል። ከዚያ በኋላ ነው እንጨት ፍለጋ የሚጀመረው። ሰው ርቦታል፣ እሳቱ ገና እየነደደ ነው፣ ዓሣው ነበልባል ላይ ይወጣል። ሲወርድ ውጪው ከስሏል፤ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ደግሞ ገና ጥሬ ነው። ጥፋቱ በዓሣው ይሳበባል፤ «የሐይቅ ዳር ዓሣ እንደ ሆቴሉ አይጣፍጥም» ይባላል።

ዓሣው ምንም አላጠፋም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። ስለዚህ ከእሳቱ እንጀምር።

ዓሣ የሚበስለው በፍም ነው። ነበልባል አንዱን ቦታ ሲያቃጥል ሌላውን ይዘለዋል፤ ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል፣ ጥላሸቱን ምግቡ ላይ ይለጥፋል። ፍም ግን ሙቀቱን ሳይወጣ ሳይወርድ፣ እኩል አድርጎ ይሰጣል። እንጨት ነዶ ጥሩ ፍም እስኪሆን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም፤ ስለዚህ መንጠቆው ውሃ ውስጥ ሳለ፣ ወይም አንዱ ሰው ዓሣ ለመግዛት ሲሄድ፣ ሌላው እሳቱን ያያይዝ።

የእንጨቱም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ የሚበቅለው ግራር ጠጣር ነው፤ ፍሙ ይቆያል። ወይራም እንደዚሁ፤ ጭሱ ደግሞ ለጠላ ጋን ማጠኛ የሚፈለግ ስለሆነ ለዓሣ የሚጠላው አይኖርም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነዳል፤ ነገር ግን ቅጠሉና እርጥብ ቅርንጫፉ ዘይት ስላለው ጭሱ ምግብ ላይ የመድኃኒት ሽታ ይተዋል። ለማቀጣጠያ ይሁን፤ መጥበሻ ፍም ግን ከሌላ እንጨት ይውጣ። ቁልቋልና ቅንጭብ ጨርሶ አይነኩ። ነጭ ወተታቸው ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ጭሳቸውም ደኅና አይደለም። ቀለም የተቀባ ሣንቃና የፕላስቲክ ቁራጭም እሳቱ ውስጥ አይግባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቆሞ ያለ ግራር አትቁረጡ። የስምጥ ሸለቆን ግራር ከሰል አክሳዩ ብቻውን ጨርሶታል ማለት ይቀለናል፤ ለአንድ ምሳ ብሎ ቅርንጫፍ የሚዘነጥለው መንገደኛም ድርሻ አለው። ወድቆ የደረቀ እንጨት ሞልቷል፤ እሱም ደግሞ ይሻላል። እርጥብ እንጨት ያጨሳል እንጂ ፍም አይወጣውም።

ቦታው ላይ ደረቅ ሣርና ቅጠል ካለ በዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ጥረጉ። ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ከውሃው ውስጥ ወይም ከዳርቻው አታንሱ። በስንጥቁ ውስጥ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ከውሃው ራቅ ካለ ቦታ ደረቅ ድንጋይ ፈልጉ።

ፍሙ ነጭ አመድ ለበስ ሲያደርግ፣ ሁለት ሦስተኛውን ወደ አንድ ጎን ግፉት። አንደኛው ጎን ኃይለኛ፣ ሌላኛው ለስላሳ ይሆናል። ዓሣው ሲያስቸግር የሚሸሽበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ሙቀቱን ለመለካት መዳፋችሁን ከፍሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሁለት ሳትቆጥሩ እጃችሁን ከሳባችሁ ገና ነው፣ ጠብቁ። ቀስ ብላችሁ አራት ወይም አምስት መቁጠር ከቻላችሁ ለዓሣ የሚሆነው ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዓሣው። ራሳችሁ ካጠመዳችሁ፣ ሲንፈራገጥ እስኪሞት አትጠብቁ። ከዓይኑ በላይ ጭንቅላቱን በዱላ አንድ ጊዜ በደንብ ምቱትና ስንጥቡን፣ ማለትም በጆሮ ግንዱ ክዳን ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ፣ ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱት። ለዓሣው ሥቃዩ ያጥራል፤ ለበላተኛውም ሥጋው ይነጣል፣ ቶሎ አይበላሽም።

ከአጥማጅ ከገዛችሁ ደግሞ ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። የጎደጎደና የደፈረሰ ዓይን ያለው ዓሣ ውሎ ያደረ ነው። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ እንጂ ቡናማ አይሁን። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይሙላ። ሽታውም የውሃና የአልጌ ሽታ ይሁን፤ «ዓሣ ዓሣ» የሚል ከባድ ሽታ የትኩስ ዓሣ ሽታ አይደለም፣ መበላሸት የጀመረ ዓሣ ሽታ ነው።

የሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ። የመበላሸቱ ምንጭ ዋናው እሱ ነው፤ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ምግብ አፍራሽ ኬሚካሎች ዓሣው ከሞተ በኋላ ወደ ሥጋው ያልፋሉ። ከፊንጢጣው ወደ ጭንቅላቱ በቢላዋ ጫፍ ሳታጠልቁ ቅደዱ፤ ሐሞቱ ከፈነዳ ሥጋው ይመርራል። በጀርባ አጥንቱ ሥር የተጋደመውን ጥቁር ደም በጥፍር ፍቁ። ስንጥቡም ይውጣ።

እጠቡት፤ ነገር ግን ሐይቁ ውስጥ ገብታችሁ አትጠቡ። ጣናን፣ ሐዋሳንና ዝዋይን ጨምሮ በብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በመብል አይደለም፤ ውሃው ውስጥ በቆመው ሰው ቆዳ በኩል ነው። ዓሣ ሊያጥብ ግማሽ ሰዓት እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ዓሣው ከሚያደርስበት ጉዳት ይልቅ የውሃው ይብስበታል። የታሸገ ወይም የቧንቧ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ጫሞ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ አዞ። የዓሣ ሆድ ዕቃ ውሃ ዳር መጣል አዞን መጥራት ነው። ሐዋሳ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ከእጃችሁ ሊነጥቁ ስለሚደርሱ ችግሩ ቀለል ይላል።

ዓሣው ታጥቦ እሳቱ ገና ካልደረሰ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ጥቂት ይረፍ። አሁን የሞተ ዓሣ እሳት ሲነካው ሥጋው ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ከአጥንት ተለይቶ የተቆረጠ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከጆንያው የሚተነው ውሃ ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ከሌለ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት አገር በቀትር አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

እንግዲህ እንዴት እንጥበሰው? እዚህ ላይ የዓሣው ዓይነት ይወስናል፤ ብዙ ሰው ግን ሁሉንም ባንድ ዓይነት ነው የሚጠብሰው።

ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ስብ የሌለው ዓሣ ፍም ላይ ቶሎ ይደርቃል። መፍትሔው ቅርፊቱን አለመፋቅ ነው። አዎ፣ አለመፋቅ! ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሆዱ ውስጥ ጨው ተነስንሶ፣ ከነቅርፊቱ ሙሉውን ፍሙ ላይ አስተኙት። ቅርፊቱና ቆዳው ይከስላል፤ ሥጋው ግን በራሱ እርጥበት ይበስላል። ግማሽ ኪሎ ለሚሆን ዓሣ በአንዱ ጎን ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ገልብጦ እንደዚያው። ሲወርድ ቆዳው ከነቅርፊቱ እንደ ልጥ ይላጣል፤ ከሥሩ የሚወጣው ሥጋ ነጭና ጭማቂ የሞላው ነው። ፍርግርግም ዘይትም አላስፈለገም። እኔን ብትጠይቁኝ ቆሮሶን ከዚህ የተሻለ የሚያከብር አሠራር የለም።

በየሐይቁ ዳር ምግብ ቤት የምናውቀው ጎንና ጎኑ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰው ቆሮሶ ሌላ ጥበብ ነው። ትልትሉ ለጌጥ አይደለም፤ ሙቀት ወደ አጥንቱ ቶሎ እንዲገባና ጨዉ እንዲዘልቅ ነው። መጥበሻና በቂ ዘይት ካላችሁ እሰየው፤ ነገር ግን ክፍት እሳት ላይ ዘይት የሞላ መጥበሻ ማስቀመጥ፣ በተለይ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቦታ፣ እኔ የማልመክረው ነገር ነው።

አምባዛ ሌላ ፍጥረት ነው። ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ያዳልጣል፣ ሥጋው ግን ከቆሮሶ ይልቅ ስብ አለውና ፍም አይፈራም። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት ብልት ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ ሞተ ብላችሁ ስትይዙት በጎኑ ባለው እሾህ እንዳይወጋችሁ። ልጋጉን በአመድ ወይም በጨው ፈትጋችሁ አስለቅቁ። ከዚያ በጀርባው በኩል ሁለት ጣት በሚሆን ውፍረት ቆራርጡት፤ በእርጥብ እንጨት ሰክታችሁ ከፍሙ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ እያገላበጣችሁ ጥበሱ። ግን አስቀድማችሁ አብረዋችሁ ያሉትን ጠይቁ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እምነታቸው ነውና ሳያውቁ በሳህናቸው ላይ ማቅረብ ነውር ነው።

ጫሞና አባያ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ናይል ፐርች የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ታገኛላችሁ። ሙሉውን ለመጥበስ ማሰብ ከንቱ ነው፤ ከሰው ክብደት በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ኪሎ ያህል ወፍራም ሥጋ ግዙ። አርባ ምንጭ የሙዝ አገር ነው፤ የጓሮውን ባለቤት ጠይቃችሁ ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ለምኑ፤ ኮባ ከተገኘም ያው ነው። ድፎ ዳቦ የሚደፉ እናቶች እንደሚያደርጉት ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጋችሁ አለስልሱት፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሥጋውን ጨው፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቂት ዘይት አሽታችሁ በሁለት ሦስት ንብርብር ቅጠል ጠቅልሉ፣ በቅጠሉ ልጥ እሰሩ፤ ከዚያ ረመጥ ውስጥ ቅበሩት። ሃያ ደቂቃ ገደማ። የውጪው ቅጠል ይቃጠላል፤ ይቃጠል። የውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሥጋውም በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል። ከቆጮ ጋር ሲቀርብ ምን ልበላችሁ!

ስለ ቅመም አጭር ነገር ልናገር። በርበሬና አዋዜ ፍም ላይ ይቃጠላሉ፤ የተቃጠለ በርበሬ ይመርራል፣ ጭሱም ሰፈሩን ሁሉ ያስላል። ዳጣውም፣ አዋዜውም፣ ሚጥማጣውም ዓሣው ከወረደ በኋላ በጎን ይቅረብ። እሳት ላይ ሳለ ጨው ይበቃዋል። ከደፈረሰ ውሃ የወጣ ዓሣ አንዳንዴ የጭቃ ጣዕም አለው፤ የሚመጣው ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ከሚያመነጩት ነገር ነው። ሎሚ ይህን ያለዝበዋል።

መብሰሉን እንዴት እናውቃለን? የላም ሥጋ የእንስሳዋን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ነው፤ ጅማቱ ብዙ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ዓሣን ውሃው ስለሚሸከመው ጅማቱ ስስ ነው፤ ጥቂት ሙቀት ይፈታዋል። ለዚህ ነው ከጥሬነት ወደ መድረቅ የሚወስደው ጊዜ በጣም አጭር የሆነው። ቢላዋችሁን በወፍራሙ ቦታ እስከ አጥንቱ አስገብታችሁ ከፈት አድርጉ። ብርጭቆ መስሎ የነበረው ሥጋ ነጭ ከሆነ፣ ንጣፍ ንጣፍ ሆኖ ከተለያየና ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል፤ አውርዱ። ቴርሞሜትር ላለው የሚፈለገው 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ጥሬውንስ? ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የታወቀ ነው፤ ወዳጆቹም ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ግን እውነቱን ልናገር። በሐይቆቻችን ዓሦች ሆድና ሥጋ ውስጥ ጥገኛ ትሎች መኖራቸው በተመራማሪዎች ተደጋግሞ ታይቷል። ሎሚና ሚጥማጣ አይገድሏቸውም። ሎሚ ሥጋውን ስላነጣው የበሰለ ያስመስለዋል እንጂ አላበሰለውም። ትሉን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ወይም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሰባት ቀን ማቀዝቀዝ። ሐይቅ ዳር ሁለተኛው የለም።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ። ድስት ካላችሁ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ፍሙ ላይ ጣዱት፤ ማታ የሚጠጣ ሾርባ ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሾርባው ከቆላው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሌላ ልዩነት የለውም። ስታቀርቡ አጥልሉት። ለሕፃን ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ሥጋውን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አጥንቱን ልቀሙ። አጥንት ጉሮሮ ላይ ቢሰካ በእንጀራ ጉርሻ ለመግፋት አትሞክሩ፤ የልማዱ ምክር ይህ ቢሆንም ጉርሻው አጥንቱን ይበልጥ ሊያጠልቀው ይችላል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

(አጭር ሙዚቃ)

የቀረችኝ አንድ ጉዳይ ናት፤ የምታጠምዱት የትና መቼ ነው? ሻላ ዳር ድንኳን ተክላችሁ መንጠቆ አትጣሉ፤ ውሃው ጨዋማ ነው። በደሴቱ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች እንኳ ለምግብ ሌላ ሐይቅ ሲሄዱ ነው የኖሩት። ጣና ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ አብሮ ማውጣት ነው። ቆሮሶ ስትይዙም አፉን ከፍታችሁ እዩ፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውሃው መልሷት። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸውና ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የአጥማጆች ማኅበር ጠይቁ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ እሳት የሚነደው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው።

ምግቡ ካለቀ በኋላ አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ፤ ጅብ ማታ መጥቶ ድንኳኑን እንዳይዞር። እሳቱ ላይ አፈር ብቻ አታልብሱ፤ ፍም ከአፈር ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ጠዋት ነፋስ ሲነሳ ደረቁን ሣር ያያይዘዋል። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ እሳቱ ገና አልጠፋምና ውሃ ጨምሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)